የወገብ ኦፕራሲዮኔን የካሳ ክስ የያዘልኝ የጠበቃ ቢሮ፣ ከ5 ኮከብ 4

ኮከቡን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ 4 ነው። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ወደታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። የቢሮውን ስም አልጽፍም፣ ጉዳዩ ያለቀው በስምምነት ስለሆነ ሆስፒታሉንም ሀኪሙንም የገንዘቡንም መጠን ላለማውራት ፈርሜያለሁ፣ የጠበቆቹን ስም ከጻፍኩ ደግሞ የቀረውን ፈልጎ ማግኘት ቀላል ነው። ስለ አገልግሎታቸው ግን ማውራት ትችላለህ ተብያለሁ፣ ጠይቄ ነው፣ በጽሁፍ። እና ይሄን የምጽፈው ለወገቡ ታክሞ በእግሩ ገብቶ ተደግፎ ለወጣ ሰው ነው፣ አሁን ቤቱ ተጋድሞ "ልክሰስ ወይስ ልተወው" እያለ ጣሪያ ለሚያየው። እኔም 7 ወር እንደዛ ጣሪያ ሳይ ነበር።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከ4ኛውና ከ5ኛው የወገብ አጥንት መሀል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ተጭኖ ዓመት ሙሉ እግሬን ሲያሰቃየኝ ከረመ፣ ኪኒኑም መርፌውም ፊዚዮቴራፒውም አልሆን ሲል ኦፕራሲዮን ተባለ። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ወጣሁ፣ "በጥሩ ሁኔታ አልቋል" ተባልን፣ ባለቤቴ ለቤተዘመድ ሁሉ ደወለች። ማታ 4 ሰዓት ገደማ መቀመጫዬና ብልቴ አካባቢ መደንዘዝ ጀመረ፣ ከዛ ሁለቱም እግሮቼ፣ ከዛ ሽንት እምቢ አለ። ነርሷን ስንጠራ "ማደንዘዣው ገና አለቀቀዎትም ይሆናል" አለችን። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ካቴተር፣ ሽንት የሚያወጣው ቱቦ፣ ሲገባ 900 ሚሊ ሊትር ወጣ፣ እኔ ግን ፊኛዬ እንደሞላ እንኳን አላወቅኩም ነበር። ተረኛው ሀኪም አልመጣም። ዋናው ሀኪም ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አየኝ፣ ኤምአርአይ የተነሳሁት 6 ሰዓት ላይ ነው፣ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን የተሰራው ከሰዓት 10 ሰዓት። ደም ተጠራቅሞ ነርቮቹን ሲጫናቸው አድሮ ነበር። ዛሬ ቀኝ እግሬ ወደላይ ስለማይነሳ ጫማዬ ውስጥ የፕላስቲክ ድጋፍ አደርጋለሁ፣ ሽንቴንም በቀን 4 ጊዜ ራሴ በካቴተር አወጣለሁ። ሌላውን እናንተው ገምቱት።

መጀመሪያ የሄድኩት እዚህ ቢሮ አልነበረም። የመጀመሪያው ቢሮ በስልክ 10 ደቂቃ አዋርተውኝ "ይሄማ ያለቀለት ኬዝ ነው" አሉኝ፣ እኔም መስማት የምፈልገው እሱን ስለነበር የላኩልኝን ሁሉ ፈረምኩ። ከዛ ፀጥ። 5 ወር። ስደውል "እየታየ ነው"። በመጨረሻ አንድ ገጽ ደብዳቤ መጣ፣ ጉዳይዎን መቀጠል አንችልም፣ ሌላ ባለሙያ ያማክሩ፣ ከአክብሮት ጋር። በኋላ ሲገባኝ የህክምና ካርዴን እንኳን ጠይቀው አላመጡም። ስለዚህ ካርዳችሁን ሳያዩ "ታሸንፋለህ" የሚላችሁን ጠበቃ ሽሹት፣ ምርመራ ሳያደርግ ኦፕራሲዮን ልስራህ የሚል ሀኪም ማለት ነው።

ሁለተኛው ቢሮ፣ ማለትም ይሄ አሁን የማወራላችሁ፣ ገና በሩን ስገባ የጠየቁኝ ነገር አናደደኝ። እኔ ስቃዬን ላወራ አፌን ስከፍት ጠበቃዋ "ይቅርታ፣ ኦፕራሲዮኑ የተሰራበት ቀን መቼ ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። የፋይሉ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፈችው፣ ከስሩ ሌላ ቀን ጻፈችና ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ይርጋ ነው፣ ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ማለት ነው። ይርጋ ካለፈ እውነትህን ታቅፈህ ትቀራለህ። እንደየአገሩ ይለያያል፣ እንግሊዝ ለምሳሌ 3 ዓመት ነው፣ የሚቆጠረውም ከተጎዳህበት ቀን ወይም ጉዳቱ ከህክምናው እንደመጣ ካወቅክበት ወይም ማወቅ ከነበረብህ ቀን ጀምሮ ነው፣ ከዛ የሚያጥርባቸውም አገሮች አሉ። እኔ ጣሪያ ሳይ የከረምኩበት 7 ወርና የመጀመሪያዎቹ የበሉብኝ 5 ወር ሁሉ ከዛ ላይ የተቀነሰ ነው። ስለዚህ እናንተም መክሰስ ባትፈልጉ እንኳን ቀኗን እወቋት፣ ተናዶም ተረጋግቶም ለማሰብ ጊዜ የሚሰጣችሁ እሷ ናት።

ጉዳዩን ወዲያው አልያዙትም። "መጀመሪያ እናንብበው" አሉ። ወደ ሆስፒታሉ የጻፉት የማስረጃ ጥያቄ ራሱ ሁለት ገጽ ነበር፣ እኔ ካርድ ማለት ሀኪሙ የሚጽፍባት ወረቀት ብቻ ትመስለኝ ነበር። የኦፕራሲዮኑ ማስታወሻ፣ የማደንዘዣው ቻርት፣ የፈረምኩት የስምምነት ፎርም፣ የመድሃኒት ሰንጠረዥ፣ የገባና የወጣ ፈሳሽ የሚመዘገብበት ወረቀት (ሽንቱ የተመዘገበው እዛ ነው)፣ የነርሶች የየሰዓቱ ማስታወሻ፣ ኤምአርአዩ ደግሞ የጽሁፍ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን ምስሉ ራሱ በሲዲ፣ ከዛ በተጨማሪ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈው ነገር በስንት ሰዓት እንደተጻፈና በኋላ ተነክቶ እንደሆነ የሚያሳየው መዝገብ። 412 ገጽ መጣ። አሲስታንቷ ገጹን ስትቆጥር የዛች ሌሊት የነርስ ወረቀት የለም። በቃ፣ ሌላው ቀርቶ ያቺ ብቻ የለችም። እኔ ወዲያው "ቀደዱት!" አልኩ፣ ጠበቃዋ ግን ረጋ ብላ "ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወሩ ሌላ ፋይል ውስጥ ቀርቶ ይሆናል" ብላ በድጋሚ ጻፈች፣ እና እውነትም ከ6 ሳምንት በኋላ መጣ። ያን ቀን እኔ እንደፈለግኩት ውንጀላ ጽፈን ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን እንጃ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ 4 ኮከብ ያሰጣቸውም እሱ ነው፣ እምቢ ማለታቸው።

እኔ ወደነሱ ስሄድ 4 ገጽ የአቤቱታ ደብዳቤ በእጄ ጽፌ ነበር፣ ጥፋተኞቹን በተራ ቁጥር ደርድሬ። የኔ ክስ ባጭሩ ሶስት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ዱራ የሚሉትን የነርቮቹን ሽፋን ኦፕራሲዮን ላይ ቀደውታል፣ የራሳቸው ማስታወሻ ላይ ተጽፏል። ሁለተኛ፣ የስምምነት ፎርሙን ያስፈረሙኝ የዛኑ ዕለት ጠዋት አልጋ ላይ ሆኜ ነው። ሶስተኛ፣ ሌሊቱን ሙሉ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም፣ በተለይ ያቺ ነርስ። አንደኛዋ ላይ ነበር ልቤ ያለው። ቀደዱኝ እኮ! ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?

ካርዱ ተነቦ ሲያልቅ ጠራችኝና ባለቤቴም ባለችበት "ሽፋኑ መቀደዱ ጥፋት ነው ብዬ ለማንም ማቅረብ አልችልም" አለችኝ። ዱራ ስስ ነገር ነው፣ ዲስክ ሊያወጡ ሲገቡ፣ በተለይ ነገሩ ተጣብቆ ከቆየ፣ ጎበዝ ሀኪምም እጅ ላይ ይቀደዳል፣ ቀድሞ የሚነገር የታወቀ ችግር ነው፣ ሀኪሙ ደግሞ እዛው አይቶት፣ ሰፍቶት፣ መስፋቱንም ጽፎታል። ጥፋት የሚሆነው አይቶ ቢደብቀው፣ ወይም ፈሳሹ እየወጣ ራሴን ሲያመኝ ችላ ቢለኝ ነበር። "መጥፎ ውጤት ሁሉ ጥፋት አይደለም፣ እኛ ማሳየት ያለብን ሙያው የሚጠይቀውን አለማድረጋቸውንና እርስዎም የተጎዱት በዛ ምክንያት መሆኑን ነው" አለች። ተከራከርኳት። ምን አይነት ጠበቃ ነሽ፣ ለማን ነው የቆምሽው ምናምን ብያታለሁ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። እሷ ግን በ1957 አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ያስቀመጠውና ወደ ብዙ አገር የሄደውን መለኪያ አስረዳችኝ፣ ሀኪሙ ያደረገው በዛ ሙያ ውስጥ ያሉ ብቁ ሰዎች ልክ ነው የሚሉት ከሆነ ሌላው ሀኪም ሌላ መንገድ ቢመርጥም ጥፋተኛ አይባልም። ያው ሀኪሞች ተሰብስበው "ልክ ነው" ካሉ አለቀ ማለት ነዋ አልኳት። አይደለም፣ በ1997 ደግሞ የሀኪሞቹ አስተያየት ምክንያታዊነት ከሌለው ዳኛው ላይቀበለው ይችላል ተብሏል አለችኝ። ዱራው ላይ ግን ምክንያቱ አላቸው።

ስምምነቱስ? እዚህ ላይ ትንሽ ዓይኗ በራ ማለት እችላለሁ፣ ጠበቆች የሚወዱት ክርክር አለ መሰለኝ። እንግሊዝ አገር አንዲት ሴት ልክ እንደኔ የወገብ ዲስክ ኦፕራሲዮን ተሰርታ፣ በትክክል ተሰርቶላት እያለ ሽባ የሚያደርገው ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚደርስ አደጋ ደረሰባት፣ ይሄ አደጋ እንዳለ ግን አልተነገራትም ነበር። ብነገር ኖሮ መቼም አልሰራም ነበር አላለችም፣ ቢያንስ የዛን ቀን አልሰራም ነበር፣ ሰው አማክር ነበር ነው ያለችው። በ2004 የጌቶች ምክር ቤት፣ ያኔ የመጨረሻው ፍርድ ቤት እሱ ነበር፣ 3 ለ 2 በሆነ ድምጽ ፈረደላት። በ2015 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንዲት እናት የወሊድ ጉዳይ ላይ መነገር ያለበት ሀኪሙ ይበቃል ያለው ሳይሆን በታካሚው ቦታ ያለ ሰው ቁም ነገር ነው ብሎ የሚያየው አደጋ ነው አለ። እኔ ይሄን ስሰማ ተነስቼ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ፣ በአንድ እግሬም ቢሆን። እሷ ግን ፎርሜን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። በእጅ ጽሁፍ፦ መድማት፣ የነርቭ ጉዳት፣ የሽንትና የሰገራ መቆጣጠር ችግር። ከስሩ ፊርማዬ። ያ ብቻ ቢሆን ዕለቱን ጠዋት ነው ያስፈረሙኝ ማለት እችል ነበር፣ ግን ከ3 ሳምንት በፊት ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ይሄንኑ እንደነገረኝ የሚያሳይ ደብዳቤም አለ፣ ደብዳቤው ለኔም ተልኮልኛል፣ ቤት መሳቢያ ውስጥ ሳይከፈት ተቀምጧል። ባለቤቴ አየችኝ። "አሪፍ ክርክር ነው፣ ግን የእርስዎ አይደለም" አለችኝ ጠበቃዋ።

ሌላ ያልጠየቅኳትንም አይታልኝ ነበር፣ የተሰራው ትክክለኛው ዲስክ ነው ወይ የሚለውን። የወገብ አጥንት ተቆጥሮ ነው የሚለየው፣ አንዳንድ ሰው ደግሞ የመጨረሻው አጥንት ከታችኛው ጋር ተጣብቆ ወይም ተጨማሪ ሆኖ ስለሚፈጠር ቆጠራው ይሳሳታል፣ ለዛ ነው የሰሜን አሜሪካ የአከርካሪ ሀኪሞች ማህበር በ2001 ሀኪሙ ቦታው ላይ እንዲፈርም፣ ምልክት እንዲያደርግና ኤክስሬይ እንዲያነሳ የሚል ዘመቻ የጀመረው። የኔ ኤክስሬይ አለ፣ መርፌዋ የቆመችው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። ይሄም አለቀ።

እንግዲህ ቤት ስንገባ ለሁለት ቀን አላወራሁም። ሊሰራልኝ የመጣው ጠበቃ የሆስፒታሉን ስራ ሰራ ነው ያልኩት።

ሶስተኛዋ ግን፣ እኔ እንደ ማሟያ የጻፍኳት፣ ኬዙ እሷ ሆነች። ሌሊቱ። ጠበቃዋ ትልቅ ወረቀት ላይ ከከሰዓት 9 እስከ ማግስቱ 10 ሰዓት መስመር አስምራ የየሰዓቱን ነገር አስገብታበት ነበር፣ እና እንዳየሁት ገባኝ። ሕብለ ሰረሰር የሚያልቀው ከላይ 1ኛውና 2ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው፣ ከዛ በታች የሚወርዱት ነርቮች እንደ ፈረስ ጭራ የተበተኑ ናቸው፣ በላቲንም ስማቸው እሱ ነው፣ የፈረስ ጭራ። እግርንም ፊኛንም ሰገራንም ያንን ሌላውንም የሚያዙት እነሱ ናቸው። ሲታፈኑ ምልክቱ ኮርቻ ላይ ብትቀመጥ ኮርቻው የሚነካህ ቦታ ሁሉ መደንዘዝ፣ ሽንት መከልከል፣ የሁለቱም እግር መድከም። እኔ ማታ 4 ሰዓት ላይ ስናገር የነበረው በሙሉ! ይሄ ደግሞ በዛው ቀን ወገቡ የተሰራ ሰው ላይ ሲታይ ደም ተጠራቅሞ እንዳይሆን ብሎ በአስቸኳይ ኤምአርአይ ማንሳትና መክፈት ነው፣ ጠዋት ይታያል የሚባል ነገር የለም። ካቴተር ከገባበት ከሌሊቱ 7 እስከ ኦፕራሲዮኑ 15 ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ባለቤቴ አንድ ነገር አስታወሰች። ሌሊቱን ለእህቷ በስልክ ስትጽፍላት ነው ያደረችው። "እግሬ የኔ አይመስለኝም ይላል"፣ "ሽንት አልመጣም"፣ "ደወሉ አሉ ግን ዶክተር አልመጣም"፣ ሁሉም ከነሰዓቱ። ስክሪንሾት አደረጉት፣ ከነርሷ ወረቀት ጋር ሲያስተያዩት ደቂቃው ሁሉ ገጠመ። ስለዚህ አስታማሚ ከሆናችሁ ጻፉ፣ ለማንም ይሁን ጻፉ፣ እንደዛ ሆኖ ያደረ ሰው ከዓመት በኋላ ሰዓት አያስታውስም፣ እኔ ካቴተሩ የገባው ሊነጋ ሲል ነበር ብዬ እምል ነበር።

ከዛ ኤክስፐርት ፍለጋ። ይሄ ነው ጊዜ የሚበላው። የመጀመሪያው የአከርካሪ ሀኪም ከከሰስኩት ሰው ጋር አብሮ የሰለጠነ ሆኖ ተገኘና ራሱን አገለለ፣ ሁለተኛው ለሪፖርቱ 4 ወር ፈጀ። በተጨማሪ የነርስ ባለሙያ፣ የሽንት ሀኪም፣ እና ቀሪ ዕድሜዬን ምን እንደሚያስፈልገኝ የሚያሰላ ሌላ ሰው። የአከርካሪው ሀኪም ሪፖርት 38 ገጽ ነው፣ ሁለቱ ገጽ የከሰስነው ሀኪም በትክክል የሰራውን ያመሰግናል፣ ስናነበው ባለቤቴ "ይሄ ሰው የማን ነው?" አለች። የምንከፍለው እኛ ነን፣ ታማኝነቱ ግን ለፍርድ ቤቱ ነው፣ ለዛም ነው የሚታመነው ተባልን።

ተከሳሾቹ ማዘግየታቸውን ብዙም አልካዱም። የያዙት ሌላ ነገር ነው፣ ቶሎ ብንሰራውም ያው ነበር የሚል። አንድ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ እንኳን ጥፋቱ ያንን ጉዳት ካላመጣ ካሳ የለም፣ በጥፋቱና በጉዳቱ መሀል ያለው ገመድ መታየት አለበት፣ ብዙ ኬዝ የሚሞተው እዚች ላይ ነው አሉኝ። ሁለት ነገር አመጡ። አንዱ 48 ሰዓት ነው፣ በነርቮቹ መታፈን ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ቁጥር ነው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ተሰርቶለታል ታዲያ ምን ይላል ነው ነገሩ። የኛ ሀኪም 48 ሰዓት የእረፍት ፈቃድ አይደለም ብሎ መለሰ፣ በአገባቡ፣ ነርቩ የሚጎዳው በየሰዓቱ ነው፣ ሌላ ጊዜ ቀስ ብሎ የሚመጣውና ከኦፕራሲዮን በኋላ ደም በድንገት ሲያፍነው አንድ አይደለም። ሁለተኛው ግን የከበደ ነበር፦ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ 900 ሲወጣና እሱም አልተሰማኝም ሲል ነርቮቹ ያኔውኑ ሞተዋል፣ ከዛ በኋላ ያለው 15 ሰዓት ለውጥ አላመጣም። የኛ ሀኪም ራሱ እዚህ ጋ ተወዛውዞ እንደነበር በኋላ ነግረውኛል።

ያቺ ጠፍታ የነበረችው ወረቀት ትዝ ትላችኋለች? ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የተጻፈ አንድ መስመር አለ፦ ካቴተሩ በቀስታ ሲሳብ ይሰማዋል፣ የቀኝ እግሩን ጣት በትንሹ ያንቀሳቅሳል፣ ለተረኛ ሀኪም ለሁለተኛ ጊዜ ተደውሏል። ካቴተር ስትሳብ ፊኛ ውስጥ ያለው ጫፍ ስለሚጎትት የዛ አካባቢ ነርቭ በህይወት ካለ ይሰማሃል፣ ቀላል ምርመራ ነው፣ ግን ብዙ ሰው አያደርገውም፣ ካደረገም አይጽፈውም። ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ ነርቮቹ ገና አልሞቱም። ቀኝ እግሬም፣ ዛሬ የማይነሳው፣ ያኔ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዛ መስመር በኋላ የተከሳሾቹ ደብዳቤ ድምጹ ተቀየረ።

ስለ ካሳ ስሌቱ ብዙ አልልም። የኤሌክትሪክ ሰራተኛ ነኝ፣ ስራዬ መሰላል ላይ ነው፣ አሁን መሰላል የለም፣ ያ እስከ ጡረታ ይሰላል፣ የእግር ድጋፉ በየጊዜው መቀየሩ፣ የዕድሜ ልክ ካቴተር፣ የሽንት ኢንፌክሽን። ደረሰኝ ጥሉ ማለት ገንዘብ ጥሉ ማለት ነው። ከባዱ ግን ስለ አልጋ ጉዳይና ስለ ሰገራ ለማታውቀው ሰው መናገር ነው፣ እና እዚህ ላይ ቢሮው በጣም ጨዋ ነበር፣ ቃሌን ከመስጠቴ በፊት "እቤትዎ ጽፈው ማምጣት ይችላሉ፣ ጮክ ብለን አናነበውም" አሉኝ፣ ባለቤቴንም ለብቻዋ ጠየቋት። ፌስቡክም ተጠንቀቁ። አንድ ዘመዴ ሰርግ ላይ ቆሜ ሳጨበጭብ ያነሳኝን ፎቶ ለጠፈው፣ ከ3 ሳምንት በኋላ ከተከሳሽ ጠበቃ ደብዳቤ ጋር ተያይዞ መጣልን። ከኋላዬ ወንድሜ ቀበቶዬን ይዞኝ ነበር፣ ፎቶው ላይ ግን አይታይም።

አሁን ወደ ተቀነሰችው ኮከብ። ከፈረምኩበት ቀን እስኪያልቅ 3 ዓመት ከ2 ወር ፈጅቷል፣ እሱን አልቀንስባቸውም፣ ነገሩ ራሱ እንደዛ ነው። የቀነስኩት አሲስታንት 3 ጊዜ ስለተቀያየረ ነው። በመጡ ቁጥር ከመጀመሪያው አውራ፣ ስንተኛው አጥንት ነበር፣ የትኛው እግር ነው፣ አንደኛዋማ ግራ እግር ብላ ጽፋ ልትልከው ነበር፣ የኛ ነገር በስህተት ምክንያት የመጣ ኬዝ ሆኖ እያለ! ጠበቃዋን ራሷን ለማግኘት ደግሞ ሳምንት ይፈጃል፣ ኢሜይሎቹ በህግ ቃል የታጨቁ ናቸው፣ ሁለቴ አንብቤ ሶስተኛውን ለእህቴ ልጅ ነው የምልከው።

ክፍያው ላይም ግልጽ ይሁንላችሁ። "ካላሸነፍክ አትከፍልም" የሚለው የጠበቃውን ድካም እንጂ ወጪውን ሁሉ ላይጨምር ይችላል። የኤክስፐርቶቹ፣ የፍርድ ቤቱ፣ ከተሸነፍክ ደግሞ አንዳንድ አገር የተከሳሹን ወጪ ጭምር፣ ለዚህ ኢንሹራንስ ይገባልሃል ወይ፣ አረቦኑንስ ማን ይከፍላል፣ ይሄን ከመፈረማችሁ በፊት አንድ በአንድ ጠይቁ፣ እንደዚህ አይነት ውል ጭራሽ የማይፈቀድበትም አገር አለ። እነሱ ፎርሙ ላይ ጽፈውታል፣ አልዋሹም፣ ግን ገጽ 9 ላይ ነው፣ እኔ ገጽ 9 ድረስ የማነብ ሰው እንዳልሆንኩ ከመሳቢያው ደብዳቤ አውቀዋል።

መጨረሻው የሽምግልና ቀን ነበር፣ እኛ አንድ ክፍል እነሱ ሌላ ክፍል፣ አስማሚው በመሀል ሲመላለስ ዋለ። የመጀመሪያው ያቀረቡት ቁጥር ስድብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከፍ አለ። ጠበቃዋ አልገፋፋችኝም፣ "ፍርድ ቤት ብንሄድ ከ10 ጊዜ 6ቱን እናሸንፋለን ብዬ አስባለሁ፣ ብንሸነፍ ግን የሚቀረን ባዶ ነው" አለችኝና ከባለቤቴ ጋር ብቻችንን ተወችን። ተቀበልነው። አንዳንድ ሌሊት ያቺ 6 እጅ ትዝ ትለኛለች፣ አልዋሽም። ከገንዘቡ ጋር ደብዳቤም መጥቷል፣ በደረሰው ነገር እናዝናለን ይላል፣ ጥፋታችን ነው አይልም፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፣ እኔ ግን ሁለተኛውን ነበር የምፈልገው።

ፋይሌን ሲመልሱልኝ ከላይ ያገኘሁት ያንን በእጄ የጻፍኩትን 4 ገጽ አቤቱታ ነው። ጥፋተኞች ብዬ የደረደርኩት ዝርዝር ላይ 1ኛ ያደረግኩት ዋናውን ሀኪም አይደለም፣ ተረኛውንም አይደለም፣ ያቺን የሌሊት ነርስ ነው፣ ከነስሟ፣ ሁለቴ አስምሬበት። ጠበቃዋ ካርዱን አንብባ በጨረሰች ማግስት ይመስለኛል፣ ስሟን በእርሳስ ሰርዛ ጎኑ ላይ በትንሹ ጽፋለች፦ "ይቺን አንነካም፣ ጽፋለች።"